የሄሊና ስም፣ የሄሊና ፎቶ

በመስከረም 2007 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሄሊና ጉቱ በምትሠራበት የቦሌ አየር ማረፊያ የካርጎ መስኮት ፊት አንድ ሸበቶ ሰው ቆሙ። የሚልኩትም የሚረከቡትም ዕቃ አልነበራቸውም። አንድ ጠርሙስ ማር መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ «በአካል ላመሰግንሽ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ዘርአጽዮን ነኝ» አሏት።

«ይቅርታ አባቴ፣ አላወቅኩዎትም።»

ሰውየው ግራ ገብቷቸው ስልካቸውን አሳዩዋት። ፌስቡክ ላይ ስሟ፣ ፎቶዋ፣ መሥሪያ ቤቷ ሳይቀር አለ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህች ሄሊና ጋር ስምንት ወር ተጻጽፈዋል። ሄሊና ግን ፌስቡክ ከፍታ አታውቅም።

መጀመሪያ ደነገጠች። ማንበብ ስትጀምር ግን ስልኩን መመለስ አቃታት። ይህች ሴት ከእሷ ይልቅ ታጋሽ ናት፤ የሰው ኀዘን አይሰለቻትም፤ ቀልድም ታውቅበታለች። ማን ትሆን?

በምሳ ሰዓት አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መርማሪው በጥሞና አዳመጣቸው።

«ገንዘብ ተቀብላበታለች?»

«የለም።»

«ስምሽን አጥፍታለች?»

«እንዲያውም አሳምራዋለች» አለች ሄሊና።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በየትኛው አንቀጽ እንደምይዘው እንጃ።»

ዘርአጽዮን ፈገግ አሉ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በሰው ስምና መልክ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መቅረብን ወንጀል በሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ተጠይቀው፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፉ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል።

ሲወጡ ሄሊና በሰውየው ስልክ መልእክቶቹን ደግማ አየች። አንዱ ላይ ዓይኗ ቀረ። «ጥርሴን የተነቀልኩበት ሕንፃ የቆመው በአባቴ የሽንብራ ማሳ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ተኝቼ እሸቱ ሸተተኝ» ይላል። ማሳው የሄሊናም አባት ነበር፤ ከቤታቸው እዚያ ጥርሱን የተነቀለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ታላቅ እህቷ ጫልቱ የአልጋ ቁራኛ የሆነውን አባታቸውን ለማስታመም ከትምህርት የቀረች ናት። ሄሊና ቤት ስትደርስ አንሶላ እያሰጣች ነበር።

«አቶ ዘርአጽዮን ካርጎ ድረስ መጥተው ነበር» አለቻት።

ጫልቱ አንሶላውን አልለቀቀችም። «በራሴ ስም ሞክሬ ነበር። የሚመልስልኝ አጣሁ። ያንቺን ሳደርግ መለሱ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ብትዪኝስ?»

«ነገ የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ ሲያቅፈኝ ምን ልበለው ጫልቱ?»

ጫልቱ አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘርግታ፣ «እሳቸውን ራሴ ይቅርታ ልጠይቃቸው» አለች።

ቅዳሜ ኦሎምፒያ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ሽማግሌውን አገኟቸው። አስቀድመው ጫልቱን ጠየቋት።

«ስለ ሽንብራው የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተቀይሜሻለሁ» አሉ በለዘብታ። ወደ ሄሊና ዞሩ። «ረቂቁ ሕግ ሆኖ ቢሆን ክስ ትመሠርቺባት ነበር?»

ሄሊና አሰበች። «ባዕድ ብትሆን አዎ። እህቴን ግን አልከሳትም፤ ቢሆንም ስሜ የእኔ መሆኑ አይቀርም። ወንጀል ይሁን፤ ክሱ ግን እኔ ካላመለከትኩ አይጀመር።»

ዘርአጽዮን ይህንኑ ቃል በቃል ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፤ በሳምንቱም አስተያየታቸውን አስገቡ።

ጫልቱ በዚያው ቅዳሜ በሄሊና ስም ለተጻጻፈቻቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች እውነተኛ ስሟን ጽፋ ገጹን ዘጋች። አንዳንዱ ሰደባት፤ አብዛኛው ዝም አለ። በራሷ ስምና ፎቶ አዲስ ገጽ ከፍታ ጠበቀች። ኅዳር ሲጋመስ አንድ መልእክት ገባላት፤ «እንደምን ሰነበትሽ ጫልቱ? ዘርአጽዮን ነኝ።»