የመሸሸጊያ ስም

«ሻንቆ! ለአባ ገዳሙ ጠላ ቅዳላቸው እንጂ!»

የተጣሩት ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። እንዳላማው «መጣሁ!» ብሎ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ሮጠ። በአማቷ ቤት ጓዳ ውስጥ ልጇን የምታጠባው ሚስቱ ሔዋን ግን ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ። የተጠራው ባሏ መሆኑን ታውቃለች። ባሏ ደግሞ ፀሐይ ሲነካው ፊቱ የሚቀላ ሰው ነው። ሰውነቷ ግን ይህን ሁሉ አያጣራም፤ ቃሉን እንደሰማ ከእሷ ቀድሞ ይደነግጣል።

ልጁ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ጠዋት ክርስትና ተነስቶ ወልደ ሩፋኤል ተብሏል። የዓለም ስሙን ደግሞ አባ ገዳሙ ዳቦውን ሲባርኩ፣ አያቱ ወይዘሮ የብርጓል በእንግዳው ሁሉ ፊት ያወጡለታል። ምን ብለው እንደሚያወጡለት መንደሩ ከወዲሁ አውቆታል። የአባቱን የቤት ስም ሊያወርሱት ነው።

ሔዋን ጉሙዝ ናት፤ ከመተከል መጥታ ደምበጫ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና የተቀጠረች። ያ ስም የእሷን ወገን ሲሰድቡበት የኖረ ቃል ማቆላመጫ ነው። ልጅ ሳለች የሚወዳት አስተማሪዋ ጠመኔ ሲያልቅበት «ሻንቆዬ፣ ሮጥ ብለሽ አምጪልኝ» ይላት ነበር። ክፍሉ ይስቃል። አስተማሪው ክፋት አልነበረበትም፤ ከሁሉም አስበልጦ የሚያመሰግነው እሷን ነበር። የከበዳትም ይኸው ነው። የሚሰድባትን መልሳ ትሰድባለች፤ የሚወዳትን ግን ምን ትበለው?

ደምበጫም የሚወዷት አላነሱም። «እናንተ እኮ ጠንካሮች ናችሁ፤ ሌሊት ብታድሪ ምንሽም አይደል» እያሉ ተረኝነቱን ይጭኑባታል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔም ይደክመኛል» እያለች አብራቸው ትስቅ ነበር። ኋላ ማስረዳቱ ራሱ ከተረኝነቱ በላይ አደከማትና ተወችው።

መጋረጃው ተገለጠና የአማቷ ጎረቤት ወይዘሮ ያለምወርቅ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይዘው ገቡ።

«ብይ እንጂ ልጄ፣ አራስ አይደለሽ?» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። «እኔማ ለየብርጓል ነግሬያታለሁ። የእነሱ ሰው ቅን ነው፣ ተንኮል አያውቅም፤ ከእኛ ተንኮለኛ ከሚያመጣብሽ ይችን ማግኘትሽ መታደል ነው ብያታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሔዋን። ተንኮል አሳምራ እንደምታውቅ ልትነግራቸው ቃጥቷት ነበር። ግን ሴትዮዋ በፍቅር ነው ያዩዋት፤ ገንፎውም ትኩስ ነው። ጎረሰች።

ትናንት ማታ ስለ ስሙ ለእንዳላማው ነግራው ነበር።

«የእማን ልብ አትስበሪ» ነበር መልሱ። «እኔስ በዚሁ ስም አይደል ያደግሁት? ምን ሆንሁ?»

«አንተን ሲጠሩህ ጨዋታ ነው» አለችው። «እሱን ሲጠሩት ግን የምራቸውን ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ሲወጡ ወይዘሮ የብርጓል ገቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ትንሽ የብር ጉትቻ አወጡ። ሔዋን የባሏን ግራ ጆሮ አስታወሰች። መጀመሪያ ሲተዋወቁ የተደፈነውን ቀዳዳ አይታ የጎረምሳነት ፋሽን መስሏት ስቃበት ነበር።

«እሱን ያተረፈችልኝ ይች ናት፤ ይችና ስሙ» አሉ አማቷ። «ከእንዳላማው በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ። አራተኛውን ጆሮውን በስቼ፣ ስሙን ሸሽጌ ነው ያገኘሁት። ሻንቆ ስለው ለሞት የእኛ ልጅ አልመሰለውም፤ ንቆት አለፈ። አንድ ቀን እንኳ በደህና ስሙ ጠርቼው አላውቅም። ይኸው ለወግ በቃ። ይሄኛውንም እንዲሁ እንሸሽገዋለን። እንደ ዜማ አይሆንብንም።»

ዜማ የሔዋን የመጀመሪያ ልጅ ነበረች፤ ድክ ድክ ሳትል ነው የሞተችው። ያን ጊዜ ወይዘሮ የብርጓል ደምበጫ ድረስ መጥተው፣ ከሔዋን አልጋ ሥር መሬት ላይ አንጥፈው እየተኙ ከርመዋል። የሔዋን እናት መንገድ ተዘግቶባቸው መቅረታቸውን ሰው ሲያነሳ «እኔ አለሁ አይደል!» ብለው የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ። ሔዋን ይህን ሁሉ አልረሳችም። ባትወዳቸው ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

«እማማ፣ ይህ ስም ለልጄ አይሆንም» አለች።

«ምነው?»

«እርስዎ ልጅዎን የእኛ ልጅ አስመስለው ሸሸጉት። ሞትም እንደ ሰው የእኛን ልጆች ይንቃል ብለው።»

«ኧረ በሥላሴ! እንዲያ አላልሁም!»

«በክፋት አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ይሄ ልጅ እኮ እውነትም የእኛ ነው። ዜማም የእኛ ነበረች፤ ሞት አልናቃትም። እናቴም ሁለት ቀብራለች። እኛ ልጆቻችንን በማን ስም እንሸሽግ?»

ወይዘሮ የብርጓል የሕፃኑን ፊት አዩ፤ የእሷንም አዩ። ይህችን ሴት ስንት ዓመት ሲያዩዋት ኖረዋል፤ እንዲህ አተኩረው ያዩዋት ግን ዛሬ ነው።

«እኔ እኮ ስለምወደው ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች ሔዋን። «የደከመኝም እሱ ነው።»

ከውጭ አባ ገዳሙ ተጣሩ። ዳቦው ቀርቧል፤ ስም ይውጣ። ወይዘሮ የብርጓል ጉትቻውን በመዳፋቸው ጨብጠው ወጡ።

ሔዋን ልጇን አቅፋ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ጸሎቱ ተደረሰ፤ «አሜን» ተባለ። ከዚያ ሁሉም ወደ አያቲቱ ዞረ።

«ስሙን እናቱ ታውጣለት» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

እንግዳው አጉረመረመ። «ሻንቆ አልነበር እንዴ?» ብሎ የሳቀ አለ። የእሳቸው ዓይን ግን ድንኳኑ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ ጠላ የሚቀዳው ልጃቸው ላይ ነበር።

«እንዳላማው» አሉ።

አልዞረም። በዚህ ስም የሚያስተምራቸው ልጆች ይጠሩታል፣ ሚስቱ ትጠራዋለች፤ ከእናቱ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም።

«እንዳላማው» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ከልጃቸው ቀድሞ ሞት ይሰማኛል ብለው የፈሩ ይመስላሉ። ጉትቻውን ከመዳፋቸው አልለቀቁም። ዓይናቸው ከልጃቸው ጀርባ ወደ ድንኳኑ መግቢያ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ጀርባው ይሮጣል።

እንዳላማው ለቀጣዩ እንግዳ ይቀዳ ነበር። ሔዋን ከመጋረጃው ኋላ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ እንዲዞር፣ ቶሎ እንዲዞር ተመኘች።