የጋሼ ጓጉንቸር

የእህቴ ባል ጓጉንቸር ነሐስ ነበር፤ ከመዳፍ ያነሰ፣ ጠርዙ በመነካካት ብዛት የሟሸሸ። ሆዱ ላይ በምስማር የተጫረ አንድ መስመር አለው፤ ሌላ ምልክት የለውም። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው። እህቴ ቀይ ክር አስራበት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጓጉንቸሩ ሥራ ቦታ እያደረ፣ መክፈቻው ከጋሼ ጋር ቤት እየገባ ኖሩ።

ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ ሁልጊዜ ፊቱ ከመምጣቱ በፊት ጓጉንቸሩ ይመጣብኛል።

ጋሼ የምለው የታላቅ እህቴ ባል ስለሆነ ነው። ወርክሾፑ ያስገባኝ፣ የመፍቻ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። የምንሠራው ከነዳጅ ጉድጓድ አፍ ላይ ተነቅለው የሚመጡ ትልልቅ ቫልቮችን ነው። ጭቃና ዘይት ለብሰው ይመጣሉ፤ እንፈታቸዋለን፣ እናጥባቸዋለን፣ ያለቀውን ቀይረን መልሰን እንገጥማቸዋለን። ከዚያ ይፈተናሉ። የሚፈተኑት ግድግዳው አንድ ክንድ በሚወፍር የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኛ «ዋሻው» እንለዋለን። ቫልቩን እዚያ አስገብተን ውሃ እንሞላዋለን፤ ሁላችንም እንወጣለን፤ የብረት በሩ ይዘጋል፤ ውጭ ያለው ፓምፕ ውሃውን ይገፋል። በዚያ ግፊት ከቦታው የተነቀለ ብሎን ጥይት ነው።

ስለዚህ ወደ ዋሻው የሚገባ ሁሉ አንድ ሥርዓት ነበረው። የፓምፑ ማብሪያ ሳጥን ላይ ስድስት ቀዳዳ ያለው ብረት አለ። ከመግባትህ በፊት የራስህን ጓጉንቸር ትሰቅልና መክፈቻውን ኪስህ ትከታለህ። ስትወጣ የራስህን ትፈታለህ። የመጨረሻው ጓጉንቸር እስኪፈታ ፓምፑ አይነሳም፤ ንጉሥ ቢያዝም አይነሳም።

ጋሼ ወሬ አያበዛም። ልገባ ነው፣ ልወጣ ነው፣ አንድ ነገር ረስቼ ልመለስ ነው ብሎ ለማንም አይናገርም። ጓጉንቸሩ ነበር የሚናገርለት። ተሰቅሎ ካየኸው ጋሼ ውስጥ ነው፤ አለቀ።

የፓምፑ ሠራተኛ ሲራመድ ትከሻው ስለማይነቃነቅ «ውሃ ልክ» እንለዋለን። ቀልድ አያልቅበትም።

«ጋሼ፣ ሚስትህንም እንዲህ ቆልፈህ ነው የምትመጣው?»

«እሷ ናት እኔን ቆልፋ የምትልከኝ» ይላል ጋሼ መክፈቻውን ከፍ አድርጎ። «ክሩን አላየህም?»

ከዕለታት አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ላከልን። ሥራዋ የሠራተኛውን ፍላጎትና የቡድን መንፈስ ማነሳሳት ነው ተባለ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን አልነበረችም። በሁለት ቀን የሁላችንንም ስም ያዘች፤ ልጅ የታመመበትን ሳትረሳ ትጠይቃለች። «ፈገግታ» አልናት። ግድግዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። ጋሼ ከወረቀቱ ፊት ቆሞ ቀስ ብሎ አነበበው።

«አንበሳ ሲታሰር አላየሁም» አለ። «በድር ሲታሰር ያየሁት ዝንብ ነው።»

ሳቅን። ፈገግታም አብራ ሳቀች።

በየወሩ መጠይቅ መሙላት ጀመርን። አሥራ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት ፊት ተስሏል፤ የሚስቅ፣ ዝም ያለ፣ ያዘነ። አንዱን ታከብበታለህ። ስም አይጻፍበትም። ከቡድኖቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘው ፎቶው መግቢያው ላይ ይሰቀላል፤ አስተባባሪው ደግሞ ለፎርማንነት ይታጫል ይባል ነበር። የእኛ አስተባባሪ እኔ ነበርኩ። በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ይዤ አይታኝ ፈገግታ ናት የመረጠችኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲመርጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ወር በተከታታይ ሁለተኛ ወጣን። የጎዳን ሰባተኛው ጥያቄ ነው። «ባልደረቦቼን አምናለሁ» ይላል። አምስት የሚስቅ ፊት ተከበበ፣ አንድ ያዘነ። ካዘነው ፊት አጠገብ ብረት በምናሰምርበት ወፍራም እርሳስ «እወዳቸዋለሁ። ማመን ሌላ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ስም የለውም። ግን ያን እርሳስ ከጆሮው ላይ የማያወርደው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አንድ ሰው ስድስት ሰው ያስቀጣል» አለ ውሃ ልክ፣ ጋሼ እየሰማ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «አማችህ አይደል? ንገረው እንጂ» አለኝ።

በሦስተኛው ወር ፈገግታ አዲስ ሐሳብ አመጣች። ስድስቱ ጓጉንቸሮች ይቀሩና አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጓጉንቸር ይኑረን፤ መክፈቻው ከሳጥኑ ጎን ምስማር ላይ ይንጠልጠል፤ መጀመሪያ የገባ ይቆልፍ፣ መጨረሻ የወጣ ይክፈት። መተማመናችን በዓይን ይታያል፣ ጊዜም እንቆጥባለን። ፎርማኑ ቅር እያለው ፈረመ። አምስታችን የየራሳችንን አወረድን። ጋሼ አላወረደም። ከሰማያዊው አጠገብ ትንሿን ነሐስ ይሰቅላል።

ፈገግታ ቢሮዋ ጠራችኝ። አልተቆጣችም።

«አስገድደው አላልኩህም» አለች። «ቤተሰብ ናችሁ፤ አንተን ይሰማሃል። ይሄ ወር ደግሞ ለአንተም ወሳኝ ነው።»

ያን ቀን ከሥራ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ጀመርኩት።

«ጋሼ፣ ያንን ጓጉንቸር ተወው በቃ።»

«ምን አደረገህ?»

«ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ። አያምነንም እያሉ ነው። እኔንም አታምነኝም ማለት ነው?»

ጎንበስ ብሎ ከጫማው አፍንጫ ላይ የዘይት ጠብታ ጠረገ።

«አንተን አምንሃለሁ» አለ። «የማላምነው መርሳትን ነው። አንተም ትረሳለህ፣ እኔም እረሳለሁ። ነሐስ አይረሳም።»

«ስለ እኔ ብለህ፣ ጋሼ። በሞቴ።»

ያን ጊዜ «በሞቴ» ቀላል ቃል ነበር፤ ለአንድ ጉርሻም ለአንድ ብርጭቆ ውሃም የምንለው። በአፍንጫው ሳቀና አውቶቡሱ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ጓጉንቸሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ አንተ ያዝልኝ።»

«መክፈቻውስ?»

«እሱን ብሰጥህ እትዬህ ትገድለኛለች።»

መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከዘይት ጨርቁ ሥር አኖርኩት። በዚያ ወር መጠይቅ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ጋሼ ዝም ያለውን ፊት አከበበ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ እኔና ጋሼ ዋሻው ውስጥ አንድ ቫልቭ አዘጋጀን። እሱ ቀድሞኝ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለፎርማኑም፣ ለፖሊስም፣ ለራሴም ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ እውነትም ነው። ወጥቶ ነበር። እኔ ተከትዬው ወጥቼ መፍቻዎቹን በየቦታቸው ስሰቅል ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ያኔ ተመልሶ ገባ። ቫልቩ ላይ አየር ማስወጫ ብሎን አለ፤ ከውሃው ጋር አየር ከቀረ አደገኛ ነው። አየሩ በደንብ አልወጣም ብሎ ተጠራጥሮ ብሎኑን ሊያላላ ነው የገባው። ለማንም አልተናገረም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተናግሮ አያውቅም። ምናልባት እጁ በልማድ ወደ ሳጥኑ ሄዶ፣ ሰማያዊው ተቆልፎ ሲያይ ይበቃል ብሎ ይሆናል።

በሩን ከመዝጋቴ በፊት ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ቫልቩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ እሱ ከጀርባው ነበር። አልተጣራሁም። በድሮው ሥርዓት መጣራት አያስፈልግም ነበር፤ እኔም የማውቀው እሱን ነው። ዘጋሁ። ሰማያዊውን ከፈትኩ።

«ወጥታችኋል?» አለ ውሃ ልክ።

«ወጥተናል» አልኩ።

ፓምፑ ተነሳ። ደቂቃም አልሞላው፣ መዶሻ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን የሚያህል ድምፅ ሰማን። የግፊት መለኪያው ቀስት ወደ ባዶ ተመለሰ። ውሃ ልክ ፓምፑን አጠፋ።

«የሆነ ነገር ተፈነቀለ» አለ። «ጋሼን ጥራውና ይየው።»

ልጠራው ዞርኩ።

ከዚያ ያየሁትን አልጽፈውም።

በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ አንድ ወረቀት አመጣ። ከላይ እስከ ታች አንድም ውሸት የለበትም። «ሟች ከቡድኑ ጋር ሳይነጋገር ወደ መፈተኛ ክፍሉ ተመልሶ ገባ» ይላል። ስለ ነሐሱ ምንም አይልም። የፊርማ ቦታው አንድ ነው፤ በቡድኑ ስም አስተባባሪው ይፈርማል። ፈገግታ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ እንባዋ የእውነት ነበር። ፈረምኩ። የወሩ መጠይቅም ሳይቀር ተሞላ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አምስት ሰው፣ አምስት የሚስቅ ፊት። የተለየ መሆን የፈለገ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ነጥብ አገኘን።

እትዬ ቤት ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ወንበሩን ሞልቶት ነበር። ከሆስፒታል የመጡት የጋሼ ልብሶች በፌስታል ውስጥ አጠገቧ ናቸው። መክፈቻውን ከሱሪው ኪስ አውጥታ ክሩን በጣቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ከመሥሪያ ቤታችን ለመጣ ሁሉ ጥያቄዋ አንድ ነው።

«መክፈቻው ኪሱ ውስጥ ነበር። ጓጉንቸሩን ማን ሰበረው?»

ሰዎቹ ወለሉን ያያሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እኔን ያያሉ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ፣ ወንበር አመቻቻለሁ፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። ቤቱ ውስጥ እንደ እኔ የሚተጋ ሰው አልነበረም። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይሉኛል አሮጊቶቹ።

ሳምንታት አለፉ። እትዬ መልሱን በራሷ አገኘችው።

«ውሃ ልክ ነው» አለችኝ አንድ ቀን ድንች እየላጠች። «ዓይኔን ማየት አቅቶታል። ፓምፑን ለማንሳት ቸኩሎ በመዶሻ ሰብሮታል። ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳይደርስ ነግሬዋለሁ።»

«እትዬ...»

«አንተ ደግ ነህ፤ አንተ አይገባህም።»

በማግስቱ ውሃ ልክ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ያዘኝ። ትከሻው ወርዶ ነበር።

«ሚስቴ ገበያ ላይ እህትህን ሰላም ስትላት ምራቋን ተፋችባት» አለኝ። «እኔ አልነግራትም። ባሏን አጥታለች፤ ወንድሟን ከእኔ አፍ አታጣም። አንተ ንገራት። ካልነገርካት ግን እንደ ሰው አልቆጥርህም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጓጉንቸሩን ከዘይት ጨርቁ ፈትቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አደረገችው። የተጫረውን መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ መክፈቻውን አስገብታ አዞረች። ትናንት የተቀባ ይመስል ቀጥ ብሎ ተከፈተ።

«አልተሰበረም» አለች።

«አልተሰበረም።»

«የት ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

ወንበሩን ሳታይ በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ማን አውልቅ አለው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ስለ ቡድኑ፣ ስለ መጠይቁ፣ ስለ ፈገግታ፣ ስለ ፎቶው። ሁሉንም ተውኩት።

«ሰው ምን ይላል ብዬ» አልኩ። «እምቢ ሲለኝ በሞቴ ብዬ ለመንኩት።»

«በሞቴ አልከው።»

«አዎ።»

ጓጉንቸሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው።

«የውሃ ልክን ሚስት ይቅርታ እላታለሁ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ተነስ።»

እንደ ወትሮዋ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። በሩ ፍርግርግ ብረት ነው። መንገዱ ላይ እግሬን ሳሳርፍ ሰንሰለት ሲጎተት ሰማሁ፤ ቀጥሎ ቀጭ አለ። ያን ድምፅ ከሺህ ጓጉንቸር መሃል አውቀዋለሁ።

ሰኞ ዕለት በራሴ እጅ አንድ ገጽ ጽፌ ለፎርማኑ ሰጠሁት፤ ጓጉንቸሩን ያስወለቅኩት እኔ ነኝ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ፊርማዬን አንስቻለሁ የሚል። አነበበውና አጠፈው።

«ፋይሉ ተዘግቷል፣ ወንድሜ። ቡድኑ ፈርሟል።»

ፈገግታ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራ ነበር። ሰማያዊው ተነስቶ ለሁሉም ስሙ የተቀረጸበት አዲስ ጓጉንቸር ታደለ። የእኔን ሳልወስድ ሥራውን ለቀቅኩ።

እሑድ እሑድ እትዬ ቤት እሄዳለሁ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ነሐሱ በፍርግርጉ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ ሰንሰለቱ ዝጓል፣ ጓጉንቸሩ ግን ዘይት ተቀብቷል። ከወጥ ቤት የሰሃን ድምፅ ይሰማል። እጄን ወደ በሩ አነሳና እመልሳለሁ። ተሰቅሎ ካየኸው ውስጥ ሰው አለ፤ የሌላውን ሰው ጓጉንቸር ደግሞ አይነኩም። ይህን ያስተማረኝ ጋሼ ነው፤ ወርክሾፑ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን።

ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።