ወደ ግራ ያደላች መኪና

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሚሊግራም ትንሿን መኪና አራት ሚዛኖች ላይ አሳረፋት፤ ለየጎማዋ አንድ ሚዛን። ሚሊግራም ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ስሙን ያወጡለት በሪሞት የሚነዱ መኪኖችን አብረውት የሚያወዳድሩ ሰዎች ናቸው። ሰላምታም ቢሆን ሳይመዝን አይሰጥም ይሉታል። እሁድ ለሟች ጓደኛቸው መታሰቢያ ሊወዳደሩ ስለተስማሙ የሟቹን መኪና ሊያሰናዳ መጥቷል።

የሟቹ ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ቀስ ብለው ያወራሉ። እንቅልፍ ካጣች ወዲህ የሰው ድምፅ ሁሉ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላታል። የከሰዓት ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ ጠረጴዛው ላይ ፈሳለች፤ ሽፋኗ የተነሳላት መኪና እዚያ ብርሃን ውስጥ ተኝታ የምትተነፍስ ትመስላለች።

“ወደ ግራ አድልታለች” አለ ሚሊግራም። “እሱ እንዲህ አድርጎ አይሠራም። ሳይጨርሳት ነው የሄደው፣ እህቴ።”

ግራ ጎኗ ላይ ከተለጠፉት የእርሳስ ብረቶች አንዱን በጥፍሩ መፈልቀቅ ጀመረ።

እሷ ግን እንደጨረሳት ታውቃለች። የወንድሟ ቀኝ እጅ ትእዛዝ አልሰማም ማለት ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። የሪሞቱን መሪ ቀጥ አድርጎ ሲይዝ እጁ ሳያስበው ወደ ቀኝ ይስበው ነበር። አንድ ቀን ወደ ባዶ መኪና ማቆሚያ ይዟት ሄደ፤ ምልክት እንድትሆነው ወዲያ ጫፍ አቆማትና መኪናዋን ወደ እሷ ነዳት። መኪናዋ ወደ ቀኝ ስታ ከግድግዳ ተላተመች። ተንበርክኮ በግራ በኩል እርሳስ ለጠፈ፤ ነዳ፤ ደግሞ ለጠፈ። ፍጥነት ሲሰጣት ክብደቱ ወደ ግራ ይጎትታታል፤ እጁ ወደ ቀኝ። በመጨረሻ መኪናዋ በሁለቱ መሃል፣ በእርጥቡ አስፋልት ላይ፣ እንደ ዓሣ ተንሳፋ እግሯ ሥር መጥታ ቆመች።

ወንድሟ ከሩቅ ሳቀ። “እጄን ማቃናት ካልቻልኩ እሷን አጣምማታለኋ! ሁለት ጠማማ ተደምሮ አንድ ቀጥ ይወጣዋል።”

ሲመለሱ ግን አስማላት። እናታቸው እንዳትሰማ፤ ልጄ ደህና ነው ብላ ትኑር። ከዚያ አንድ ጠዋት ልቡ በእንቅልፉ ቆመ፤ ስለ እጁ የጠየቀም የለ።

እናትየው ግድግዳውን ይዘው ገቡና የልጃቸው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ሚሊግራም የሚሠራውን አስረዳቸው፤ እሁድ ሰው እንዳይስቅበት ላስተካክልለት ብዬ ነው አላቸው። ጥፍሩን እንደገና ወደ እርሳሱ ሰደደ።

ብትናገር መሐላዋን እናቷ ፊት ልታፈርስ ነው። ዝም ብትል ወንድሟ በዚያ እጁ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ዓይኗ እያየ ሊነቀል ነው። እርሳሱ ተላቆ መዳፉ ላይ ወደቀ።

“ተወው” አለች። “እንደዚህ ሆና ነው ቀጥ የምትሄደው።”

“ኧረ በምን ተአምር? ሚዛኑን እይው እስኪ። በማን እጅ ነው ይቺ ቀጥ የምትሄደው?”

ሳሎን አንድ ሰው ሳል ሳለ።

“በልጄ እጅ ነዋ” አሉ እናትየው።

ሁለቱም ዞሩ። እናትየው የሚያዩት መኪናዋን ነበር።

“ሻይ ስቀዳለት ከግማሽ አላሳልፍም ነበር፤ እንዳይፈስበት። አንድ ቀን እንኳ ለምን ጎደለ ብሎኝ አያውቅም።”

ሚሊግራም መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። እናትየው እጃቸውን ሲዘረጉለት እርሳሱን ሰጣቸው።

“የቱ ጋ ነበር?” ብለው ልጃቸውን ጠየቋት።

አሳየቻቸው። ሚሊግራም ማጣበቂያ ጠብ አደረገበት። እናትየው እርሳሱን በቦታው መልሰው በአውራ ጣታቸው ጫኑት። ይዟል፣ ይበቃዋል፣ እማማ፣ አላቸው። ጣታቸውን አላነሱም።

እሁድ መኪናዋን ሚሊግራም ነዳት። በመንገዱ ሁሉ ወደ ግራ እየሸሸች ከሁሉም መጨረሻ ወጣች።