ከአሥር ዘጠኝ

ዶክተሩ ጫጩት የሚመዝንለትን ታላቅ ወንድሙን ቢሮው ያስጠራው አንድም ቀን ለደግ ነገር አልነበረም። ስለዚህ መዛኙ የዶሮ ቤቱን ቆልፎ፣ ኩስ የነካ ቦቲውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ሆን ብሎ ምንጣፉን እየረገጠ ገባ።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ ይህን እይ። ጥናቱ ላይ ስምህ ገባልህ።»

መዛኙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጫጩት ሲመዝን ኖሯል። ታናሽ ወንድሙ እሱ በሰበሰበው ቁጥር ስድስት ጥናት አሳትሟል። እዚያ ውስጥ ሚዛኑ ከነፋብሪካው ተጠቅሷል፤ መኖ በነጻ የሰጠው ነጋዴም ተመስግኗል። የመዘነው ሰው ግን እጁ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ። ዶክተሩ በተመረቀ ቀን እንኳ ዘመድ ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እሱ የሰው ኮት ተሸክሞ ነው የቆመው። እሱንም አልረሳውም።

«ማን አስታወሰኝ?»

«ማሽኑ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሔቶቹ ጥናት ሲላክላቸው ሰው ሳያየው በፊት በመርማሪ ፕሮግራም ያሳልፉታል። ዶክተሩም አዲሱን ጥናቱን ሳይልከው ቀድሞ ቢያስመረምረው ከአሥር ሰባት ብቻ አገኘ። ማን እንደመዘነ አልተገለጸም፤ መዛኙ የትኛው ዶሮ የትኛውን መኖ እንደበላ ያውቅ እንደሆነም አልተገለጸም ተባለ።

«እና ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ስምህን ከነአባትህ። ቀጥዬ፣ መዛኙ የትኞቹ አዲሱን መኖ እንደበሉ አያውቅም ነበር አልኩ። ዘጠኝ ሰጠኝ።»

የመዛኙ ደም ፈላ። የተማረ ሰው ሲዋሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው።

«ማነው የማያውቀው? መኖውን የምሰፍርላቸው እኔ አይደለሁም? ከአዲሱ መኖ የበላችው ቀለል ስትልብኝ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ የምመዝናት ለማን ብዬ ይመስልሃል? ላንተ ብዬ። የሌላዋን አንዴ መዝኜ እተዋለሁ።»

«እሱን ደግሞ ለሰው እንዳታወራ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው እኮ። እኔማ ደስ ይልሃል ብዬ ነበር።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይተህ ስሜን ያነሳኸው ለሐሰት ምስክርነት? ያውቅ ነበር ብለህ ጻፍ።»

«ነጥቤን ልታስበላኝ ነው።»

«ጻፍ አልኩህ።»

ዶክተሩ፣ ወንድሜ ውጤቱ ሲወርድ አይቶ አፉን ይያዝ ብሎ ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

ዘጠኝ።

ለካ ማሽኑ የሚፈልገው ነገሩ መጠቀሱን ብቻ ነው። ያውቃል ቢሉት፣ አያውቅም ቢሉት፣ እሱ ምን ቸገረው።

መዛኙ ሳቀ። «በል፣ እውነቱም ዘጠኝ አስገኘልህ። እንዲሁ እንዳለ ላከው።»

የዶክተሩ ጣት ግን ማጥፊያው ላይ ደርሷል። «ከማሽኑ በኋላ እኮ ሰው ያነበዋል፣ ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ‹ያውቅ ነበር› የሚለውን ፊደል በፊደል አጥፍቶ ‹አያውቅም ነበር› የሚለውን መለሰ።

«እንግዲያው ስሜን አውጣ።»

«ልጅ አትሁን እንጂ።»

«ልጁማ አንተ ነህ፤ ያሳደግኩህ። ዞር በል።»

ወንበሩን በቦቲው ገፋ አድርጎ፣ በመኖ ብናኝ የነጣ ጣቱን ማጥፊያው ላይ ጫነ። መጀመሪያ የአባታቸው ስም ጠፋ፤ ከዚያ የእሱ።

ዶክተሩ ትንሽ ጠብቆ ጥናቱን እንደገና አስመረመረው።

«ስምንት» አለ። «ይሁን ግድ የለም፤ በስምንትም ያልፋል።»