የግማሽ ምዕራፍ ሎጂክ

«እንግዲህ መቼ ነው የምትሄደው?» አለ ባለሶፋው፣ ዓይኑን ከሚሰፋው ጨርቅ ላይ ሳያነሳ።

«ትንሽ ቆይቼ» አለ አናጢው።

«ዛሬውኑ?»

«ርቦኛል እኮ ጋሼ።»

ባለሶፋው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ተወው። ርቦኛል! ይህን ሁሉ ዓመት ያገኙትን እኩል ሲካፈሉ ኖረው፣ ዛሬ ዞሮ ካንተ ጋር ሠርቼ አልጠገብኩም ሊለው ነው። የሚሄደው ብቻውን እንደሆነ ጠየቀው። አናጢው ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውርዶ ጣውላው ላይ አንድ መስመር አሰመረ፤ ከዚያም «ከፈለግህ አብረን እንሂድ» አለው።

አናጢው የሚያወራው ስለ ምሳ ነበር። ባለሶፋው የሚያወራው ስለ ክህደት።

ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። የባለሶፋው ሚስት የአናጢው ታላቅ እህት ናት። ሁለቱ አማቾች የሚሠሩት በሯ በተከፈተ ቁጥር ቤቱን ሁሉ የሚያስደነግጥ ድምፅ በምታሰማ አንዲት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ነው። አናጢው ከወዲያኛው ጥግ የሶፋውን እንጨት ቆርጦ ያቆማል። ባለሶፋው ከወዲህኛው ጥግ ተቀብሎ ከመቀመጫው ሥር የሚዘረጋውን ቀበቶ ይወጥራል፣ ሞላውን ያስራል፣ ስፖንጁን ይደርባል፣ መጨረሻ ላይ ጨርቁን አልብሶ እንደ ሙሽራ ያወጣዋል። ደንበኛ መጥቶ «እጅህን ይባርከው» ሲል ታዲያ የሚመረቀው የባለሶፋው እጅ ብቻ ነው። የአናጢው ሥራ ከጨርቅ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። በዚህ ቅር ብሎት እንደሆነም የሚያውቅ የለም፤ ሰውየው አይናገርም። ሰላምታ እንኳ ቆርጦና ልጎ ነው የሚሰጠው።

ሚስትየው ደግሞ ልጆቿ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ትምህርት ጀምራለች። ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ነገር ስለሆነ ማንም ደፍሮ አላሾፈባትም፤ ከባሏ በስተቀር። በዚህ መንፈቅ ዓመት የደረሳት ትምህርት ሎጂክ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ፣ ሎጂክ ማለት ትክክለኛው አስተሳሰብ ከተሳሳተው የሚለይበት ትምህርት መሆኑን አስረዳችው። ባለሶፋው ጉርሻውን አላምጦ እስኪጨርስ አሰበበትና፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ያለ ትምህርት ነው እንዴ ስናስብ የኖርነው ብሎ ጠየቃት። ምልክቱማ ይታያል አለችው።

ተሸንፎ ይቀር ነበር፣ ትምህርቱ ባይጥመው። ነገር ግን ጣመው። ሁለት መነሻ ሐሳብ ታስቀምጣለህ፣ ከሁለቱ መሃል መደምደሚያው ይወጣል ስትለው ወዲያው ሶፋ ታየው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ፣ መሃሉ ላይ መቀመጫ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እሷ ስታነብ አጠገቧ እየተቀመጠ መስማት ጀመረ። መቼም በዚያ ቤት ከሶፋ ሌላ መቀመጫ፣ ከጉልበት ሌላ ጠረጴዛ የለም። መጽሐፉን ጭኗ ላይ፣ ደብተሯን የሶፋው ክንድ ላይ አድርጋ ስትጽፍ ለሚያያት፣ የቤት ሥራ የምትሠራ ሳይሆን ተራ የምትጠብቅ ሕመምተኛ ነው የምትመስለው። ባልየው ጠረጴዛ ላሠራልሽ ካላት ቆይቷል። አልረሳውም፤ ሲያስታውሰው ይተኛል።

አንድ ምሽት ያነበበችለት ምሳሌ እንዲህ የሚል ነበር፤ ሰው ሥራውን ሊለቅ ከሆነ ዕቃውን ይሰበስባል። እገሌ ዕቃውን ሰብስቧል። ስለዚህ?

«ስለዚህ ሊለቅ ነዋ» አለ ባለሶፋው፣ ኩራት እየተሰማው።

ቆይ ገጹን ልግለጥ አለችው። ገለጠች። ቀጣዩ ገጽ ላይ፣ ይህ ዓይነቱ መደምደሚያ እውነት ይመስላል እንጂ ስህተት ነው፣ ሰው ዕቃውን በሌላ በብዙ ምክንያት ሊሰበስብ ይችላል የሚል ማብራሪያ ነበር። ጮክ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችለት። እሱ ግን በራሱ እጅ የሠራው ሶፋ ውስጥ ሰምጦ ማንኮራፋት ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ማታ ወርክሾፑን ሲዘጉ፣ አናጢው መጋዙን፣ መላጊያውንና መሮውን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ትከሻው ላይ ሰቀለ። ከዚህ በፊት ዕቃውን ከወርክሾፕ አውጥቶ አያውቅም። ባለሶፋው ቁልፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሁለቱ ክንዶች ግራና ቀኝ ቆሙለት፤ መሃሉ ላይም መደምደሚያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

አናጢው ዕቃውን ጠዋት ጠዋት መልሶ ቢያመጣውም ማታ ማታ ይወስደዋል፤ ከዚያማ ማስረጃው እንደ ጉድ ጎረፈ። ጣውላ ሻጩ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ አማችህ አንድም ነገር መርጦ የማያውቅ ሰው ከጣውላው ሁሉ ምርጡን ለቅሞ ወሰደብኝ፣ ምን ልትሠሩ ነው አለው። ለሶፋማ እንዲህ ያለ ጣውላ አይወሰድም፤ ከጨርቅ ሥር ለሚቀበር እንጨት ማን መልክ ያወጣል? አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አናጢውን «የሚከራይ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሱቅ በራፍ ላይ ቆሞ አየው። ዶፍ እየወረደ ስለነበር ዝናቡ ያገኘው መንገደኛ ሁሉ እዚያው በራፍ ላይ ተጠግቷል። ባለሶፋው ያየው ግን አናጢውንና ወረቀቱን ነው። ይባስ ብሎ ሰውየው ሥራ ላይ ማፏጨት ጀምሯል። የሚያፏጭ ሰው ደግሞ፣ አለ ባለሶፋው በሆዱ፣ የሚሄድበት አለው።

የሚያስፈራው ሥራው ብቻ አልነበረም። ያለ አናጢ ባለሶፋ ማለት ስፖንጅ ታቅፎ የቆመ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ግን ደግሞ ከጀርባው የመላጊያ ድምፅ የሌለበትን ቀን ሲያስበው ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። ለሚስቱ እንዳይነግራት ወንድሟ ነው። ሰውየውን እንዳይጠይቀው፣ ጠይቆት ያገኘው መልስ አብረን እንሂድ የሚል ነው። ስለዚህ ሳልቀደም ልቅደም አለና ሌላ አናጢ ፈለገ።

ያገኘው ሰፈሩ «ሬዲዮ» እያለ የሚጠራውን ሰው ነው። ሬዲዮ ጎበዝ አናጢ ነው ይባላል፤ ሲሠራ ያየው ሰው ባይኖርም ሲያወራ ያልሰማው የለም። ሰኞ ሥራ ሊጀምር በቃል ተስማሙ። ባለሶፋው ነገሩን በምስጢር እንዲይዘው አደራ ቢለው፣ ሬዲዮ ደረቱን መትቶ ማለለት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወርክሾፑ በር ጮኸና ሬዲዮ ሜትሩን ይዞ ገባ። የሚሠራበትን ጥግ ለመለካት መምጣቱን፣ የነበረው አናጢ የሠራበት ጠረጴዛ ቁመቱ እንደማይስማማው፣ መስኮቱም ቢሰፋ እንደሚሻል እያወራ በቀጥታ ወደ አናጢው ጥግ ሄደ።

ባለሶፋው ጨርቅ ውስጥ ቢገባ ደስ ባለው። አናጢው ግን ሥራውን አቁሞ ሬዲዮን ትንሽ አየው። ከዚያ ጎንበስ አለና የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ ያዘለት።

እስኪለካ ድረስ ያዘለት። ቁጥሩንም፣ ሬዲዮ ወሬ ይዞት ሊረሳው ሲል አስታወሰው። ሬዲዮ እያመሰገነ ሲወጣ አናጢው ዕቃውን ሁሉ፣ እስከ ኮላው ብሩሽ ድረስ፣ በከረጢቱ ከተተ። በሩን ሲከፍተው ያቺ በር እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ነው የጮኸችው።

ያን ዕለት ባለሶፋው ቤቱ የገባው ግማሹን አሸናፊ፣ ግማሹን ሐዘንተኛ ሆኖ ነው። ለሚስቱ ሁሉንም ዘረገፈላት። ወንድምሽ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ግን አስቀድሜ ደርሼበት ነበር፣ ያውም በሎጂክ አላት። ሚስትየው መጽሐፏን አጠፈች። ከየትኛው ሎጂክ እንደሆነ ጠየቀችው። ዕቃ ስለሰበሰበው ሰው ያነበበችለትን ቃል በቃል አነበነበላት። ቀጣዩን ገጽስ አለችው። የምን ቀጣይ ገጽ አላት።

አልጮኸችበትም። መጮኽ ስትተው ነው እሱ የሚፈራው። ጠጋ ብላ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ደንበኛ ጠየቀችው።

«ሰው መጥቶ መቀመጫው ሰመጠብኝ፣ ሞላው ተሰብሯል ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

«ሶፋውን ገልብጬ ከሥሩ አያለኋ።»

«ሞላ ሲሰበር ይሰምጣል አይደል እንዴ? ይኸው ሰምጧል።»

«ቀበቶው ላልቶ ሊሆን ይችላል። ስፖንጁ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። እንጨቱም ሊሆን ይችላል። ሳያዩ ሞላ ነው የሚል ባለሙያ ነው እንዴ?» አለ፣ ሙያው በመነካቱ ተቆጥቶ።

 የተናገረው ነገር ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሲመለስ ተሰማው።

«ለማንም ሰው ሶፋ ያላደረግከውን» አለች፣ «ለወንድሜ ነው ያደረግከው። ሂድና ገልብጠህ እይ።»

አሁን ግን የምር ሄዷል እኮ፣ እንግዲህ መደምደሚያዬ እውነት ሆነ ማለት ነው ብሎ የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። እውነት ያደረግከውማ አንተ ነህ አለችው፤ በመጽሐፏ ውስጥ እንኳ ለዚህ ስም እንዳላገኘችለት ነገረችው።

እሑድ ጠዋት የአናጢው ቤት በር ላይ ሲደርስ የከፈተችለት የአናጢው ሚስት ነበረች። ፊቷ እንደ ሌላው ጊዜ አልበራለትም፤ ግባ ግን አለችው። ግቢው ውስጥ የመላጊያ ፍቅፋቂ ተበትኗል። መሃሉ ላይ አንድ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ባለሁለት መሳቢያ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ያለው፣ የእንጨቱ መልክ ውኃ የሚፈስበት የሚመስል። ባለሶፋው ማን እንዳዘዘው ጠየቃት። ማንም አላዘዘውም፤ እህቴ ጉልበቷ ላይ ስትጽፍ እያየሁ አልቀመጥም ብሎ ነው አለችው። አደራ እንዳትነግራት፣ ሳታስበው ሊወስድላት ነው። እዚያው ወርክሾፕ ለምን አልሠራውም ነበር አላት፣ ድምፁ እየሟሸሸ።

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለች። «እዚያ ከሠራሁት ጋሼ ጨርቅ ያለብሰዋል አለኝ።»

ባለሶፋው ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳሰሰው። ይህን ሁሉ ዓመት የዚህን ሰው ሥራ ሲሸፍን ኖሮ፣ ተገልጦ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። የሁለቱ እንጨት መገጣጠሚያ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቱ ፈልጎ አጣው።

አናጢው ከጠረጴዛው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ አንገቱን እንዳቀረቀረ የኋላውን ስስ ጣውላ ይመታል። እንግዳ መምጣቱን እንደሰማ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ባለሶፋው ከፊት ለፊት ቆሞ ለጠረጴዛው ማውራት ጀመረ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። መዶሻው ኳ አለ። ሬዲዮን አትምጣ እለዋለሁ፣ ቃሌን አጠፍክ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ቢያወራብኝም ያውራ አለ። ኳ፣ ኳ። ከአሁን በኋላ የምንሠራው ሶፋ ሁሉ ክንዱና እግሩ ያለ ጨርቅ ይሁን፣ ሰው የማን እጅ እንደሆነ ይየው አለ። እዚህ ላይ መዶሻው ትንሽ ዘገየ። ቀጥሎ ግን ኳ አለ።

«ሰኞ ትመጣለህ?»

መዶሻው ኳ አለ። ባለሶፋው ግን ተስፋ የማይቆርጥ ተማሪ ነው። ሌሊቱን ሚስቱ ያንን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው፣ እየቆነጠጠችም ቢሆን አስጨርሳዋለች። አሁን በጥንቃቄ፣ ከመነሻ እስከ መደምደሚያ በትክክለኛው ቅርጽ አሰካካው።

«ስማኝማ። የማይስማማ ሰው አልስማማም ብሎ ይናገራል። አንተ አልተናገርክም። ስለዚህ ተስማምተሃል።»

መዶሻው ቆመ። አናጢው ከጠረጴዛው ጀርባ ቀና አለና፣ በከንፈሩ ጨምቆ የያዛቸውን ትንንሽ ሚስማሮች አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ያልተናገርኩት» አለ፣ «አፌ ሚስማር ይዞ ነው።»