ደረቅ ሦስት

ስንታየሁ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወይዘሮ እመቤትን አይሱዙ ነዳ። ወይዘሮ እመቤት ወገዳ ላይ እህል የሚሰበስቡ ነጋዴ ናቸው። እሱ የስማዳን ገብስና ስንዴ ደብረ ታቦር ያራግፋል፤ ሲመለስ ጨውና ቆርቆሮ ይጭናል። መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ ቢሆንም በሳምንት አራቱን ቀን ከሚስቱ ከማስተዋል ጋር ቤቱ ያድራል። ደሞዙ ዘጠኝ ሺህ ብር ነበር። ድሮ ይህ ገንዘብ ሰው ያስከብር ነበር፤ አሁን ለቤት ኪራይና ለሦስት ልጅ ቀለብ አልበቃ አለ።

ልቡን ያሸፈተው የማስተዋል ታላቅ ወንድም ተሻገር ነው። ተሻገር በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል። ለፋሲካ መጥቶ ጠላ እየተቀዳለት ወሬውን ያዘ።

«አይሱዙ ላይ ልታረጅ ነው? የእኔም ደሞዝ ካንተ እምብዛም አይበልጥ፤ የሚያኖረኝ አበሉ ነው። ጅቡቲ ደርሶ መልስ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ያውም በወር ሁለቴ። ሦስት ዓመት ተሳቢ ላይ ከሠራህ የፈሳሽ መንጃ ፈቃድ አውጥተህ ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ትይዛለህ፤ የቦቴ አበል ደግሞ ሌላ ነው። አይሱዙ ግን የዛሬ አሥር ዓመትም ያው አይሱዙ ነው።»

«መንገዱስ?» አለች ማስተዋል። «ሰው ይታገታል፣ ይገደላል ይባል የለም?»

«ሞት እንደሆነ ወገዳም አለ» አላት ተሻገር።

ስንታየሁ ተሳቢ የሚያስነዳውን ደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ዓመቱ ነበር። ፈቃዱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ከሳጥኑ አውጥቶ ሄደ። አይሱዙውን ለአወቀ ተወለት። አወቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ከጫኝና አውራጅነት አንስቶ መንዳት ያስተማረው፣ ደረቅ ሦስት እንዲያወጣም የገፋፋው ራሱ ስንታየሁ ነው። ሕሊና የምትባል ልጅ ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም።

ስንታየሁ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ብሩም እንደተባለው ነበር። በሦስተኛው ጉዞ ሲመለስ ከፊቱ የነበረው ተሳቢ ላይ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱ። ሹፌሩ ቀለመወርቅ የሚባል የጋይንት ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ቀን ላይ ከአንድ ትሪ በልተዋል። መኪናው ወደ ጎን ዞሮ ቆመ። ስንታየሁ በቀረው ጠባብ መንገድ ሲያልፍ በሩ ተከፍቶ ቀለመወርቅ አንድ እጁን ወደ እሱ ሲዘረጋ አየ። አልቆመም። አዲስ አበባ እስኪገባ አልቆመም፤ ቁልፉን አስረክቦ ወደ አገሩ ተሳፈረ።

ለማስተዋል «ጨጓራዬ ነው፤ ሙቀቱ አልተስማማኝም» አላት። ለሌላውም ሰው ይኸንኑ አለ።

ወይዘሮ እመቤት መምጣቱን ሲሰሙ አስጠሩት። «አወቀ በሁለት ወር ሁለት ጎማ አፈነዳብኝ። አንተ ከመጣህ እሱን አሰናብተዋለሁ።»

ስንታየሁ እምቢ ሊል አስቦ ነበር። አፉ ግን «እርስዎ እንዳሉ» አለ።

አወቀ አልተጣላውም። ቁልፉን ሊያስረክብ መጥቶ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ቆመ።

«ጋሼ፣ የጅቡቲው መስመር እንዴት ነው?»

«አበሉ ጥሩ ነው» አለው ስንታየሁ።

«ሌላውስ?»

«ሙቀቱ ከባድ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

አወቀ በዚያው ሳምንት ለተሻገር ስልክ ደወለ። ወር ሳይሞላ ሥራው ተገኘለት። ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ማስተዋል ከገበያ ተመልሳ ሕሊናን እንዳገኘቻት፣ ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ አወቀም ነገ በማለዳው አውቶቡስ እንደሚሳፈር ነገረችው። ስንታየሁ ምግቡን ገፋ አደረገ። ከዚያ ሁሉን ነገራት፤ የተዘረጋውን እጅ ሳይቀር።

ማስተዋል ገበታውን አነሳች። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሄደህ ለእሱ ንገረው» አለችው።

ሲነጋ መናኸሪያ ደረሰ። አወቀን ከሰው ለይቶ፣ ቃል ሳያስቀር ነገረው። አወቀ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሰማው።

«ሰውየውስ ምን ሆነ?»

«አላወቅሁም። አልቆምሁለትም።»

«ወንበሬን ሳትወስድብኝ ነግረኸኝ ቢሆን አምንህ ነበር» አለው አወቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አሁን ግን እውነቱንም ብትነግረኝ ምን ይረባኛል? ምን ልብላ?»

«አይሱዙውን መልሰህ ያዝ። ለወይዘሮ እመቤት እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እሳቸው አባረሩኝ። አሁን ለምኜ ልመለስ?» ሻንጣውን አንስቶ ተሳፈረ።

ስንታየሁ በዚያው ጠዋት ወይዘሮ እመቤት ዘንድ ሄዶ ለመናቸው። «የሄደ ሄዷል፤ አንተ ጫን» አሉት።

ክረምቱ ገባ። ስንታየሁ በጭቃው ሲመላለስ ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ሕሊና መንገድ ዳር ቆማ መኪናውን አስቆመችው። ሆዷ ገፍቷል። አወቀ ብር እንደላከላት፣ በየሳምንቱ እንደሚደውል ነገረችው።

«መንገዱ ሰላም ነው ይለኛል። አንተ ሄደህበታል፤ እውነቱን ነው?»

ስንታየሁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «አይደለም» አላት፤ ለባሏ የነገረውን ለእሷም ነገራት። ሕሊና ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«እሱ ያውቃል?»

«ሊሳፈር ሲል ነገርሁት።»

«ሊሳፈር ሲል» አለች ሕሊና፣ ቃሉን እየደገመች። ጭቃውን እየመረጠች በዝግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከኋላ የቆመ ሌላ መኪና ጥሩምባ ነፋበት። ስንታየሁ ወደ ወንበሩ ወጣ፤ ስድሳ ኩንታል ስንዴ ጭኗል፣ ደብረ ታቦርም ገና ሩቅ ነው።