ሲፈልግ ይሰማል

«ሽባባው እንደሆነ ሲፈልግ ይሰማ ነበር» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል ብላ። ሹክ ማለቷ ነው እንግዲህ! የሟች ልጅ ቲክቫ ከፊት ለፊቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አንድም ቃል አላመለጣት።

ሺቫ፣ የአይሁዶችን የሰባት ቀን ሐዘን፣ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ድንኳኑ እስራኤል አገር፣ አፉላ ኢሊት ውስጥ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ተተክሏል። ሽባባውን የገደለው በኢንዱስትሪ ቀጠናው ግቢ ወደ ኋላ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ነው። መኪናው «ጢጥ ጢጥ» ይል ነበር አሉ፤ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። እሱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ካርቶን ይደረድር ነበር።

«ቢሰማ ኖሮ ዘወር አይልም ነበር?» ብላ ጮኸች ቲክቫ።

እናቷ ምንይሹ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። «ተይ ልጄ፣ ሊያጽናኑን የመጡ ናቸው» አለቻት።

አንድ ሽማግሌ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። አራት ዓመት አድሮ ያልጠራው መቼ ሊጠራ ነው?

ቲክቫን ያንገበገባት የሴትየዋ ሐሜት ብቻ አይደለም። ከተማ ውስጥ ታሚር የሚባል ሰው የመስሚያ መሣሪያ ማዕከል አለው፤ እዚያ ሙያውን በልምምድ ስትማር ሰባተኛ ወሯ ነው። ጆሮ ውስጥ ማየት፣ በለስላሳ ሊጥ የጆሮ ቅርጽ ማውጣት፣ ሰውን ድምፅ በማያስገባ ክፍል አስቀምጦ መመርመር ተምራለች። በሁለተኛው ወር መደርደሪያ ስታስተካክል የአባቷን ፋይል አገኘች። አባቷ የሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኞቹን የሚያስመረምረው ታሚር ዘንድ ነበር። ፋይሉ ላይ ከአራት ዓመት በፊት «አይተባበርም። ሲያነጋግሩት ይሰማል፤ በምርመራው ግን ለአንድም ድምፅ አልመለሰም። እየሰማ እንዳልሰማ ያስመስላል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የታሚር ፊርማ አለ። በዚያ ወረቀት ምክንያት መሣሪያ ተከልክሎ መኪና በሚመላለስበት ግቢ ቀረ።

አስመሳይ! በወገራ ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ «ሽባባው ይመስክር» ይባል ነበር። ጠላቱ እንኳ በቃሉ ያድር ነበር። አፉላ መጥቶ ዋሾ ተባለ።

ቲክቫ አባቷ እንደገና እንዲመረመር ስትጠይቅ ታሚር «ከፈተናሽ በኋላ» አላት። እሺ አለች፤ የልምምድ ሰዓቷን የሚፈርምላት እሱ ነዋ! አባቷ ደግሞ «ግድ የለም፣ አንቺ ስትመረቂ ታዪኛለሽ» ይላት ነበር። በታሚር ተናደደች፤ በራሷ ደግሞ ይበልጥ።

በአራተኛው ቀን አጎቷን ጠየቀች። «አያ ቢምረው፣ አባባ ሲመረመር አብረውት ሄደው ነበር?»

«ሚፍዓሉ፣ ፋብሪካው ሲልከው? አዎን። እኔ በመስታወቱ አየው ነበር። ድምፅ ስትሰማ አዎ በል አሉት። አሳምሮ ይመልስ ነበር እኮ!»

«እንዴት አድርጎ?»

ቢምረው ትንፋሹን ባጭሩ ወደ ውስጥ ሳበ፤ የጎንደር ሰው «አዎ» ሲል እንደሚያደርገው። ቲክቫ ክው አለች። «ሰውዬውስ?»

«አቀርቅሮ መሣሪያውን ይነካካ ነበር። ሽባባው ግን የሰማውን ሁሉ መለሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።»

በስድስተኛው ቀን ታሚር መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ቆቡን አድርጎ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠና በዕብራይስጥ «ከእንግዲህ ኀዘን አይድረስባችሁ» አለ።

«አባቴን መርምረኸው ነበር» አለችው ቲክቫ።

«ስሊሃ፣ ይቅርታ አላስታውስም። ብዙ ሰው ነው የማየው።»

ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አባባ እውነተኛ ሰው ነበር?» አለቻት በአማርኛ። ምንይሹ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ትንፋሿን ሳበች።

«እናቴን አንድ ነገር ጠየቅኳት። መለሰችልኝ?» አለችው ወደ ታሚር ዞራ በዕብራይስጥ።

ታሚር ምንይሹን አየት አደረገ። «አልመለሰችም» አለ።

«መልሳለች! በትንፋሿ ‹አዎ› አለችኝ። አባቴም እንደዚሁ መልሶልሃል፤ አንተ ቀና ብለህ አላየኸውም። ከዚያ አስመሳይ ብለህ ጻፍክበት!»

ታሚር ፊቱ ደም መሰለ። «ቲክቫ፣ ይሄ አሁን የሚነሳ ነው? ፈተናሽ ደርሷል፣ ሰዓትሽም ገና አልተፈረመም።»

«የኔን ሰዓት ተወው። የሱን እውነት ጻፍ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋችለት። ለቀስተኛው ሁሉ ያያቸዋል። ታሚር ወረቀቱን ተቀበለና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ «የሽባባው ምርመራ ስህተት ነበር። ታካሚው ይመልስ ነበር፤ እኔ አላየሁም።» ፈረመና ሰጣት።

ቲክቫ አነበበችው። ታሚር የአባቷን ስም እንደ ሕያው ሰው ስም ባዶውን ጽፎታል። እስክሪብቶውን ወሰደች። ከሟች ስም ቀጥሎ ሁለት የዕብራይስጥ ፊደሎች ይጻፋሉ፤ መታሰቢያው የተባረከ ይሁን ለማለት ነው። ስድስት ቀን ሙሉ አልቅሳለች፣ «ሞተ» ብላለች፤ በእጇ ግን ጽፋው አታውቅም።

አንዱን ፊደል ጻፈች። ሁለተኛው ላይ እጇ እምቢ አላት።

ማንበብ የማትችለው ምንይሹ ጠጋ አለችና መዳፏን በልጇ እጅ ላይ ደረበች። አብረው ጻፉት።